የቤቱን ሰው የሚያውቅ በረኛ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ጐንደርን ያየ ሰው ሁሉ የፋሲልን ግቢ ያውቀዋል። ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ዓመት ከተማይቱን ከቈረቈሩ በኋላ ተከታዮቻቸው ነገሥታት እየጨመሩበት የሰፋው ይህ ግቢ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ሲሆን 12 በሮች አሉት። በር ባለበት በረኛ መኖሩ የታወቀ ነው። የበረኛ ሥራው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው «ጠላትን መከልከል ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ የቤቱን ሰው ማወቅ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋን፣ ውሃ ቀጂውን፣ ባልደራሱንና ጸሐፊውን ከወራሪው ለይቶ የማያውቅ በረኛ፣ ጦሩ በተሳለ መጠን ለግቢው አደገኛ ይሆናል እንጂ መከታ አይሆንም።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በእያንዳንዳችን ሰውነት ውስጥ ቀንና ሌሊት ስለሚቆሙት በረኞች ነው። እነዚህ በረኞች የቤቱን ሰው እንዴት እንደሚያውቁ፣ አልፎ አልፎም እንዴት እንደሚታለሉ እናያለን። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው እንዳይመስላችሁ አደራ እላለሁ፤ በመጨረሻው ላይ የልጆቻችሁን ጕሮሮና ልብ፣ እንዲሁም እናንተ በየጽሕፈት ቤታችሁ የምትፈርሙትን የፈቃድ ወረቀት የሚነካ ሆኖ ታገኙታላችሁና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደማችን ውስጥ ከሚዘዋወሩት ነጭ ሕዋሳት መካከል አንደኛው ወገን «ቢ ሕዋሳት» ይባላል። ስማቸው የመጣው ከዶሮ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። በዶሮ ጅራት ሥር አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች። ይህችን ከረጢት በጣሊያን አገር በፓዱዋ ያስተምር የነበረ ፋብሪሲዩስ የተባለ ሐኪም ስለ ገለጻት «የፋብሪሲዩስ ቡርሳ» ተባለች፤ ጥቅሟ ግን ለብዙ ዘመን አልታወቀም ነበር። በ1956 ብሩስ ግሊክ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከረጢቲቱ በጫጩትነታቸው የወጣችባቸው ዶሮዎች በሽታን የሚከላከለውን አንቲቦዲ የተባለ ነገር መሥራት እንደሚሳናቸው አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከረጢት የሚያድጉት ሕዋሳት በቡርሳ የመጀመሪያ ፊደል ተጠሩ። በሰው ገላ ውስጥ እንዲህ ያለች ከረጢት የለችም፤ የእኛ ቢ ሕዋሳት የሚወለዱትና የሚያድጉት በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ነው።

የቢ ሕዋስ መሣሪያው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ከፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ጫፉ አንድን ቅርጽ ብቻ ለይቶ የሚይዝ እንደ ቁልፍ ያለ ነገር ነው። እያንዳንዱ ቢ ሕዋስ የራሱን አንድ ዓይነት ቁልፍ በገላው ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ቁልፉ የሚገጥምበት ነገር ያገኘና እንዲሠራ የተፈቀደለት እንደ ሆነ ይባዛል፤ ልጆቹም ያንኑ ቁልፍ በብዛት እየሠሩ ወደ ደም ይለቃሉ።

ነገር ግን የበሽታው ዓይነት አእላፍ ነው። ገና ያልመጣውን በሽታ ቁልፍ አስቀድሞ ማን ሊቀርጽ ይችላል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሱሱሙ ቶኔጋዋ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ በ1976 ብርሃን ፈነጠቀበት፤ ስለዚህም ሥራው በ1987 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። መልሱ ይህ ነው፦ ቢ ሕዋስ በሚያድግበት ጊዜ ለአንቲቦዲው ትእዛዝ የሚሰጡትን የጂን ቁርጥራጮች እንደ ካርታ መጫወቻ ይበውዛቸዋል። ሁለት ሕዋሳት አንድ ዓይነት ውጤት የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ብወዛ ምክንያት በሰውነታችን ውስጥ ቍጥሩ የበዛ የቁልፍ ዓይነት ይገኛል፤ ለማንኛውም ባዕድ የሚሆን አንድ አይጠፋም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዕጣ የሚቀረጽ ቁልፍ የጠላትን በር ብቻ እንዲከፍት የሚያደርገው ነገር የለም። የገዛ ልባችንን፣ የገዛ ደማችንን፣ የገዛ ኩላሊታችንን ፕሮቲን የሚይዝ ቁልፍም አብሮ ይወጣል። የሚወጣውም ከስንት አንድ አይደለም። በ2003 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በሰው መቅኔ ውስጥ አዲስ ከሚሠሩት ከ100 ቢ ሕዋሳት መካከል ከ55 እስከ 75 የሚሆኑት የገዛ አካልን ነገር የሚይዙ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ከተመለመሉት በረኞች ከግማሽ የሚበልጡት የቤቱን ሰው የሚወጉ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ እኛ እንዴት በሕይወት ልንኖር ቻልን?

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ያነሣው ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ነው። በ1900 ገደማ ከባልደረባው ጋር ሆኖ የአንዱን ፍየል ደም ለሌላው ፍየል ቢሰጥ፣ ተቀባዩ ፍየል የባዕዱን ፍየል ደም የሚያጠፋ አንቲቦዲ ሠራ፤ የራሱን ደም የሚያጠፋ ግን አልሠራም። ኤርሊኽም አካል ራሱን መመረዝን እንደሚጸየፍ ተናገረ። ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ በ1904 የገዛ ደሙን የሚያፈርስ አንቲቦዲ የያዘ ሕመምተኛ መኖሩ በቪየና ተመሰከረ። ስለዚህ ጸያፍነቱ የማይጣስ ሕግ ሳይሆን በጥበቃ የቆመ ሥርዓት መሆኑ ታወቀ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከከብት በረት መጣ። በ1945 ሬይ ኦዌን የተባለ አሜሪካዊ መንታ ጥጆችን ሲመረምር፣ መልካቸው ያልተመሳሰለ መንታዎች እንኳ እያንዳንዳቸው የራሳቸውንና የመንታቸውን ደም ቀላቅለው እንደሚኖሩ አስተዋለ። ምክንያቱም በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ የእንግዴ ልጃቸው ተገናኝቶ ደማቸው ይተላለፍ ነበር። ካደጉ በኋላ ቢሆን ኖሮ የሚጣሉበትን ደም፣ በማሕፀን ስለ ተዋወቁት እንደ ቤተ ሰብ ተቀብለውታል። ከዚህም የተነሣ አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት፣ የቤቱን ሰው ማወቅ በትውልድ የሚወረስ ሳይሆን እያደጉ የሚማሩት ነገር ነው አለ። እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋርም ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 ይህንን በአይጦች አረጋገጠ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1960 ኖቤልን ተካፈሉ።

አሁን ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ እንመልከት።

የመጀመሪያው ፈተና በመቅኔው ውስጥ ይደረጋል። ገና ያልበሰለው ቢ ሕዋስ በዙሪያው ያለው ሁሉ የቤቱ ነገር ነው። በዚያ ቦታ ሳለ ቁልፉ አንድን ነገር አጥብቆ ከያዘ፣ የያዘው ወገኑን መሆኑ ግልጽ ነው። በዚህ ጊዜ ወዲያው አይገደልም፤ አስቀድሞ የመታረም ዕድል ይሰጠዋል። አንቲቦዲ ከሁለት ዓይነት ክፍል፣ ከከባድና ከቀላል ሰንሰለት የተሠራ ነውና፣ ሕዋሱ ቀላሉን ሰንሰለት ጥሎ በሌላ ይተካና ቁልፉን እንደገና ይቀርጻል። ከታረመ ያልፋል። ሊታረም ካልቻለ ግን በዚያው ይሞታል።

ሁለተኛው ቅጣት ሞት ሳይሆን ዝምታ ነው። የቤቱን ነገር በለስላሳው የሚይዙ ሕዋሳት ከመቅኔ ይወጣሉ፤ ነገር ግን ትጥቃቸውን ፈትተው ነው። በ1988 በሲድኒ የተደረገ አንድ ምርመራ ይህን በሚገባ ያሳያል። ሊቃውንቱ የዶሮ እንቁላል ነጭ ፕሮቲን እንደ ራሳቸው ሆኖ በደማቸው የሚገኝ አይጦችን አዘጋጁ። ያንን ፕሮቲን የሚያውቁት ቢ ሕዋሳት በአይጦቹ ውስጥ ነበሩ፤ ሲቀሰቅሷቸው ግን አልነቁም። ዓይናቸው እያየ አፋቸው የተዘጋ ነበር።

በእነዚህ ማጣሪያዎች የቤቱን ነገር የሚይዙት ሕዋሳት ቍጥር ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ቀደም ብዬ በጠቀስሁት በ2003ቱ ጥናት፣ በስለው በደም ውስጥ ከሚዞሩት ከ100 ቢ ሕዋሳት ወደ 20 የሚሆኑት አሁንም የገዛ አካልን ነገር የሚይዙ ነበሩ። ስለዚህ ሦስተኛ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ እርሱም ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች በቀላሉ የሚገባችሁ ነው።

በጽሕፈት ቤት አንድ የገንዘብ ወጪ በአንድ ሹም ፊርማ ብቻ እንደማይወጣ ታውቃላችሁ። ጠያቂው ይፈርማል፣ ሌላው ደግሞ ሰነዱን አይቶ ያጸድቃል። ቢ ሕዋስም እንዲሁ ነው። ቁልፉ የያዘውን ነገር ይውጠዋል፤ በውስጡ ይቈራርጠውና ቁርጥራጩን በገላው ላይ አውጥቶ ያሳያል። ይህንን የሚመረምረው «ቲ ሕዋስ» የሚባለው ሌላ ነጭ ሕዋስ ነው። ቲ ሕዋስ ከደረት አጥንት በስተ ኋላ በሚገኘው ታይመስ በሚባለው ዕጢ ውስጥ የራሱን ጥብቅ ትምህርት ተምሮ የወጣ ነው። ቁርጥራጩ የባዕድ መሆኑን ካወቀ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ቢ ሕዋሱም ይባዛል። ቁርጥራጩ የቤቱ ሲሆን ግን የሚያጸድቅለት ቲ ሕዋስ በአብዛኛው አይገኝም። ሁለተኛ ፊርማ ያጣ ሰነድ በመሳቢያ እንደሚቀር፣ ያ ቢ ሕዋስም ሳይሠራ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት እጅግ የሚደነቅ ነው። ሆኖም የሁለት ፊርማ ሥርዓት ባለበት ሁሉ የሐሰት ሰነድ የሚያቀርብ እንደማይታጣ የምታውቁት ነው። በሰሜኑ ደጋ፣ በወገራና በስሜን፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳው በሽታ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

በደባርቅ ወይም በዳባት የሚማር የ10 ዓመት ልጅ እንበል። የደጋው ብርድ በጠናበት ወራት፣ ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ተጠጋግተው በሚማሩበት፣ ቤተ ሰቡም በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ በሚያድርበት ጊዜ፣ ልጁን ጕሮሮውን ያመዋል። ትኵሳት ይይዘዋል፤ በአንገቱ ንፍፊት ይወጣል። አንዳንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ይጨምቅለታል፤ አንዳንዱም እንጥሉ ወርዷል ብሎ ወደ ቈራጭ ይወስደዋል። ያም ሆነ ይህ ሕመሙ በጥቂት ቀን ይለቀዋል። ቤተ ሰቡም «ዳነ» ብሎ ይረሳዋል።

ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ጕልበት ያብጣል፤ እንደ እሳት ይተኵሳል። ጕልበቱ ሲሻለው ቍርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎም የእጁ አንጓ ይታመማል። «ቍርጥማት ነው፣ ብርድ መትቶት ነው» ይባላል። ይህም ያልፋል። የማያልፈው ግን ሳይታይ በውስጥ የደረሰው ነው፤ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ቈስለዋልና። በሽታው የሩማቲክ ትኵሳት ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ይይዛል። ቫልቮቹ በየጊዜው እየቈሰሉ ጠባሳ ሲይዙ ወይ በሚገባ አይከፈቱም፣ ወይ በሚገባ አይዘጉም። ያ ልጅ ጐልማሳ ሲሆን ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚገለጠው ባረገዘች ጊዜ ነው፤ ያንጊዜም የእርስዋና የፅንሱ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

የጕሮሮ ሕመም እንዴት ልብን ያቈስላል? ጕሮሮውን ያሳመመው ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በገላው ላይ «ኤም ፕሮቲን» የሚባል እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነገር አለው። በልባችን ጡንቻ ውስጥም ማዮሲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እርሱም እንደዚያው እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። የልብን ፕሮቲን በለስላሳው የሚይዝ፣ ፊርማ አጥቶ በዝምታ የኖረ አንድ ቢ ሕዋስ ይህን ባክቴሪያ ያገኛል እንበል። ይይዘዋል፣ ይውጠዋል፣ ይቈራርጠዋል። ከቁርጥራጩ መካከል በእውነት ባዕድ የሆነው ይገኝበታል። ቲ ሕዋሱ ያንን ባዕድ ቁርጥራጭ አይቶ በሕጉ መሠረት ፈቃዱን ይሰጣል። እርሱ አልተሳሳተም፤ የቀረበለት ሰነድ የጠላት ነውና። ነገር ግን በጠላት ስም የወጣው ፈቃድ በቤቱ ሰው ላይ ይሠራበታል። ቢ ሕዋሱ ይባዛል፤ አንቲቦዲው ባክቴሪያውን ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያንና ልብንም ይነካል። ከዚህ በኋላ ቲ ሕዋሳት ራሳቸው ወደ ቈሰለው ቫልቭ ገብተው ጉዳቱን ያብሱታል።

እንዲህ ያለው መታለል በሁሉ ላይ አይደርስም። በዚህ ባክቴሪያ ጕሮሮአቸውን ታመው ሳይታከሙ ከሚቀሩት ልጆች በሩማቲክ ትኵሳት የሚያዙት ከ100 ከ3 እንደማይበልጡ ይገመታል። ነገር ግን ጕሮሮውን የሚታመመው ልጅ ብዙ ስለ ሆነ ጥቂቱም ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች በልብ ሕመም ከሚታዩት ወጣቶች አብዛኞቹን የሚጎዳው ይኸው ነው።

የበረኞቹ ዝምታ የሚሰበርበት ሌላም መንገድ ስላለ በአጭሩ ልጥቀሰው። ከጐንደር ደጋ ብዙ ሰው በየዓመቱ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። በዚያ ካላ-አዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አለች። ይህ በሽታ የያዘው ሰው ይከሳል፣ ትኵሳት አይለቀውም፣ ጣፊያው ያብጣል። በደሙ ውስጥ ደግሞ ቢ ሕዋሳት ወዳጅና ጠላት ሳይለዩ በጅምላ ይነቃሉ። በዚህ ጊዜ የሐሰት ሰነድ አያስፈልግም፤ በገበያ መካከል «ሌባ!» ተብሎ ሲጮኽ ሁሉም ዱላ ይዞ እንደሚነሣ ያለ ነው። አንቲቦዲው ከመብዛቱ የተነሣ ቀድሞ ሐኪሞች ከሕመምተኛው በተወሰደ የደም ውሃ ላይ የፎርማሊን ጠብታ ሲጨምሩበት እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ይረጋ ነበር፤ በሽታውንም በዚህ ይለዩት ነበር። ከዚያ ሁሉ አንቲቦዲ አብዛኛው አይጠቅምም፤ ተሐዋሲው በሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራልና። ከመካከሉም የገዛ አካልን ፕሮቲን የሚይዝ ይገኝበታል። ሕመምተኛው በጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ባለው የዚህ በሽታ ማዕከል ወይም በሌላ ስፍራ ታክሞ ሲድን ግን ጩኸቱ ቀስ በቀስ ይበርዳል፤ በረኞቹም ወደ ዝምታቸው ይመለሳሉ።

ክቡራን አድማጮች፤ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሽታው የገባበትን ቀዳዳ ካወቅን የምንደፍንበትንም እናውቃለንና።

አንደኛ፣ የጕሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣና ፔኒሲሊን የማያድነው ነው። ነገር ግን ልጁ ሳይስልና ንፍጥ ሳይኖረው በድንገት ትኵሳት ይዞት ጕሮሮው ከቀላ፣ የአንገቱም ንፍፊት ካመመው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝታችሁ አትስጡት፤ እንጥሉንም አታስቈርጡ። በባክቴሪያው የመጣ ሆኖ ከተገኘ፣ ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን የሩማቲክ ትኵሳትን ይከላከላል። ክኒኑ ለ10 ቀን ከታዘዘ በሦስተኛው ቀን ስለ ተሻለው መተው አይገባም፤ የምናባርረው ሕመሙን ሳይሆን የሐሰት ሰነድ አቅራቢውን ነው።

ሁለተኛ፣ በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት እንዲወስድ ሐኪም ያዝለታል። ብዙ ቤተ ሰብ «ልጄ ድኗል፤ ስለምን በከንቱ ይወጋል?» እያለ የሚያቋርጠው ይህንን ነው። መልሱን አሁን ራሳችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ፈቃድ ያገኙ ቢ ሕዋሳት ትዝታቸውን ይዘው ይኖራሉ። ያው ባክቴሪያ ዳግመኛ ቢመጣ ከፊተኛው ፈጥነው ይነሣሉ፤ በየተነሡ ቍጥርም በልብ በር ላይ አዲስ ጠባሳ ይጨመራል። መርፌው የተጎዳውን ልብ አይጠግንም፤ ነገር ግን ቀስቃሹን ከደጅ ይመልሳል። በእርግጥ መርፌው ያማል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውም ስላለ አስቀድሞ ለጤና ባለሙያው መናገር ይገባል። ሆኖም ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ እርሱም ውድ፣ ተራውም ረጅም፣ ለደጋው ገበሬ ልጅ ደግሞ መንገዱም ሩቅ ነው።

ሦስተኛው ነገር በቀጥታ ወደ እናንተ ይመጣል። ከሥራችሁ ካሉት ሰዎች አንዱ በየወሩ ቀርቦ «ልጄን ለመርፌ ልውሰድ፣ ግማሽ ቀን ፍቀዱልኝ» ይላል። ልጁ ሲሮጥ ሲጫወት የታየ ነው፤ ሕመምተኛ አይመስልም። አለቃውም «ይህ ሰው ምክንያት አበዛ» ብሎ ይጠራጠራል። አስተማሪውም ተማሪው በየወሩ በአንድ ቀን መቅረቱን እንደ ስንፍና ይቈጥርበታል። እንግዲህ ያቺ ግማሽ ቀን ምን እንደምትጠብቅ ዛሬ ሰምታችኋል። ፊርማችሁን አትከልክሉ። በአካል ውስጥ በማይገባ የተሰጠ ፈቃድ ልብን እንደሚያቈስል፣ በጽሕፈት ቤት የሚገባው ፈቃድ መከልከሉም ያንኑ ልብ ያቈስላል።

ጐንደር ለዚህ ዓይነቱ ምክር እንግዳ አይደለችም። በደንብያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተከፈተው በዚህችው ከተማ ነው። የጤና መኰንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች በአንድነት እየተማሩ ወደ ገጠር የወጡት ሆስፒታል ሠርቶ ሕመምተኛ ከመጠበቅ አስቀድሞ በየቀበሌው በሽታን መከላከል ይሻላል በሚል አሳብ ነበር። ኮሌጁ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ አሳቡ ግን አላረጀም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው።

በመቅኔያችሁ ውስጥ በዚህች ሰዓትም አዳዲስ በረኞች እየተወለዱ፣ እየተፈተኑ፣ የሚታረመው እየታረመ፣ የማይታረመው እየቀረ ነው። ይህን ሁሉ ያለ እናንተ ትእዛዝና ያለ ደመወዝ ይሠሩታል። ከእናንተ የሚጠበቀው ጥቂት ነው፤ የልጃችሁን ጕሮሮ ማየት፣ የመርፌውን ቀን መቍጠር፣ ለባልንጀራችሁም ልጅ ግማሽ ቀን መፍቀድ።